ፍሪትዮፍ ናንሰን፦ ከበረዶው ምድረ በዳ እስከ ስደተኛው ወረቀት



በዚህ እትም በታዋቂ ሰዎች ታሪክ ዓምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ሰው ፍሪትዮፍ ናንሰን ይባላል። ኖርዌይ በምትባለው ብርዳም የሰሜን አውሮፓ ሀገር ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ ከሞተ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙን ከዚህ በፊት ሰምታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። ነገር ግን ከመካከላችሁ በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ወደ ሌላ ሀገር የተሻገረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለው ካለ፣ የዚህ ሰው ሥራ ደጃፉ ድረስ መጥቷል ማለት ነው።

ናንሰን በወጣትነቱ ማንም አቋርጦት የማያውቀውን የበረዶ ምድረ በዳ ከጓደኞቹ ጋር አቋረጠ። ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ደግሞ ሀገር አልባ ለሆኑ በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር የሚያሻግር ወረቀት አስገኘ። ሁለቱ ሥራዎች የማይገናኙ ይመስላሉ። እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን እንየው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ናንሰን የተወለደው ኦክቶበር 10 ቀን 1861 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። ከተማዋ በዚያ ዘመን ክርስቲያንያ ትባል ነበር። አባቱ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። እናቱ ደግሞ በስኪ መንሸራተት የሚወዱ ብርቱ ሴት ነበሩ፤ ይህም በዚያ ዘመን ለሴት ብዙም የተለመደ አልነበረም። ልጁም ገና በሕፃንነቱ ስኪ ለመደ።

ስኪ ምንድን ነው? እኛ በረዶ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ከዝናብ ጋር ወርዶ ጣራ የሚደበድበው ጠጠር ነው። የኖርዌይ በረዶ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ በዝግታ ይወርድና መሬቱን ለወራት ይሸፍነዋል። ሰው በላዩ ልሂድ ቢል እስከ ጉልበቱ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ወገቡ ይሰጥማል። ስለዚህ የዚያ ሀገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሁለት ረዣዥምና ስስ እንጨቶች ከጫማቸው ሥር እያሰሩ መሄድን ለመዱ። እንጨቱ ረዥም በመሆኑ የሰውየው ክብደት በብዙ ቦታ ላይ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ አይሰጥምም። ቁልቁለት ሲያገኝ ደግሞ ይንሸራተታል። ይህ እንጨት ነው ስኪ የሚባለው።

በዛሬ ጊዜ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄዱ የበረዶ መኪናዎች አሉ። መንገድ ወደሌለበት ሩቅ ተራራ ሰዎችን ያወጧቸውና ሰዎቹ ለመዝናናት በስኪ ቁልቁል ይወርዳሉ። በናንሰን ዘመን እንዲህ ያለ መኪና አልነበረም። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም የሚጨርሰው የሰው ጉልበት ብቻ ነበር። ናንሰን በ1884፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በምዕራብ ኖርዌይ ከምትገኘው ከበርገን ከተማ ተነሥቶ በክረምት ተራሮቹን በስኪ እያቋረጠ ለውድድር ወደ ክርስቲያንያ ሄዷል።

በትምህርቱ የመረጠው የእንስሳት ጥናትን ነበር። በ1882 ተማሪ ሳለ በአንድ የአሳ አንበሳ አዳኞች መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ባሕር ወረደ። መርከቡ ግሪንላንድ በምትባለው ታላቅ ደሴት አጠገብ በበረዶ ተይዞ ለሳምንታት ቆመ። ወጣቱ ናንሰን ከመርከቡ ላይ ሆኖ ሰው ያልደረሰባቸውን የግሪንላንድ ተራሮች ያይ ነበር። ያን ደሴት ከዳር እስከ ዳር የማቋረጥ ሐሳብ የመጣለት ያን ጊዜ ነው። ከጉዞው መልስ በበርገን ሙዚየም ተቀጥሮ የእንስሳትን ነርቭ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ስድስት ዓመት ያህል ቆየ፤ ሐሳቡን ግን አልተወውም።

ወደ ኋላ የሌለው መንገድ

ግሪንላንድ የዓለም ትልቋ ደሴት ናት። ከስፋቷ 80 በመቶ ያህሉ በበረዶ የተሸፈነ ሲሆን፣ የበረዶው ውፍረት በአንዳንድ ቦታ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ሰው የሚኖረው በባሕሩ ዳርቻ ብቻ ነው። ከናንሰን በፊት የሞከሩ ሁሉ ሰው ካለበት ከምዕራቡ ዳርቻ ተነሥተው ወደ መሐል ገቡ፤ ሲደክማቸውም ወደ ተነሡበት ተመለሱ።

ናንሰን ነገሩን ገለበጠው። እኔ የምነሣው ሰው ከሌለበት ከምሥራቁ ዳርቻ ነው አለ። ምክንያቱን ተማሪዎች በደንብ አስቡበት። ከምዕራብ የሚነሣ ሰው ምሥራቅ ቢደርስ እንኳ የሚቀበለው የለም፤ ያንኑ መንገድ ተመልሶ መጓዝ አለበት። በዚያም ላይ ብርድ ሲጠናበት ምግቡና መኖሪያው ያለው ከኋላው ስለሆነ ልቡ ወደ ኋላ ይስበዋል። ከምሥራቅ የተነሣ ግን መንገዱን አንድ ጊዜ ብቻ ይጓዛል፤ ምግቡ፣ እሳቱና ሰው ሁሉ ያለው ከፊቱ ነው።

ብዙ ሰው ሐሳቡን እብደት ነው አለው። ጋዜጦች አላገጡበት። የኖርዌይ መንግሥት ገንዘብ አልሰጥም አለ። በመጨረሻ ገንዘቡን የሰጠው አንድ የዴንማርክ ነጋዴ ነው።

ናንሰን አምስት ጓደኞች መረጠ። ሦስቱ ኖርዌያውያን ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ ኦቶ ስቨርድሩፕ የተባለ መርከበኛ ነበር። ሁለቱ ደግሞ ሳሚ ከሚባለው፣ አጋዘን እያረባ በሰሜን ከሚኖረው ሕዝብ የመጡ ሳሙኤል ባልቶና ኦሌ ራቭና ነበሩ። ዕቃው ሁሉ ተመዝኖ ተመረጠ። ጎማ የሌለው፣ እንደ ስኪ የሚንሸራተት ጋሪ ናንሰን ራሱ አስቦ አሠራ፤ አንዱ ጋሪ ከ15 ኪሎ አይበልጥም ነበር። በትንሽ ነዳጅ ብዙ በረዶ የሚያቀልጥ ምድጃም ሠራ። ይህ ምድጃ ከዚያ በኋላ ብዙ ተጓዦች የሚይዙት ሆነ።

በ1888 ጁላይ 17 ስድስቱ ሰዎች ከመርከብ ወርደው በሁለት ትናንሽ ጀልባዎች ወደ ዳርቻው ጉዞ ጀመሩ። ጥቂት ሰዓት ይበቃናል ብለው የገመቱት መንገድ 12 ቀን ፈጀ። ተንሳፋፊ በረዶ ከበባቸው፤ አንዱ ጀልባ ተሸነቆረ፤ የባሕሩም ጅረት ወደ ደቡብ ወሰዳቸው። ድንኳናቸውን በተንሳፋፊው በረዶ ላይ ተክለው አደሩ። ጁላይ 29 መሬት ሲረግጡ ካሰቡት ቦታ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነበር። ስለዚህ እንደገና በጀልባ ወደ ሰሜን ቀዘፉ። ወደ በረዶው አናት መውጣት የጀመሩት ኦገስት 15 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በየቀኑ ያው ነበር። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ነጭ፣ ከላይ ሰማይ። እያንዳንዱ ሰው 100 ኪሎ የሚያህል ጭነት ይጎትታል። በረዶው ላይ ቆመው ውሃ ይጠማቸው ነበር፤ ምክንያቱም በረዶ ካልቀለጠ አይጠጣም፣ ነዳጁም የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ ኮዳ በበረዶ ሞልተው ከልብሳቸው ሥር ደረታቸው ላይ ይይዙታል፤ በሰውነታቸው ሙቀት የቀለጠውን ይጠጣሉ። ስንቃቸው እንደ ቋንጣ የደረቀ ሥጋ ነበር፤ ሆኖም ስቡ ወጥቶለት ስለነበር ሌት ተቀን ስብ ያምራቸው ነበር።

ሴፕቴምበር 5 ቀን ከባሕር ወለል በላይ 2,719 ሜትር ደረሱ። ይህ ከደብረ ብርሃን ከተማ ጥቂት ዝቅ ያለ ከፍታ ነው፤ ሌሊት ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ማዕበሉ ስላዘገያቸውና ክረምቱ ስለቀረበ፣ ናንሰን መጀመሪያ ያሰበውን መድረሻ ትቶ ወደሚቀርበው መንደር አቅጣጫ ለወጠ። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣላቸው ጋሪዎቹን አጣምረው ሸራ ወጠሩባቸውና እንደ ጀልባ በበረዶው ላይ አስኬዷቸው።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ከበረዶው ወጥተው መሬት ረገጡ። ወደ መንደሩ ለመድረስ ግን ገና የባሕር ወሽመጥ ነበረ። የድንኳኑን ሸራ በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ሰፍተው ትንሽ ጀልባ ሠሩ፤ ናንሰንና ስቨርድሩፕ ቀዝፈው ኦክቶበር 3 ቀን ከመንደሩ ገቡና ለቀሩት አራት ሰዎች እርዳታ አስላኩ። ስድስቱም በሕይወት ነበሩ።

የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ግን ሊሄድ ተነሥቶ ስለነበር አልደረሱበትም፤ ደብዳቤያቸው ብቻ ተሳካ። ክረምቱን እዚያው ሲከርሙ ናንሰን ከኢንዊት ሕዝብ ጋር እያደረ፣ አደናቸውንና ካያክ የምትባለውን በቆዳ የተሸፈነች ቀጭን ጀልባቸውን ተማረ። ስለ ኑሯቸውም መጽሐፍ ጻፈ። በ1889 ወደ ሀገሩ ሲመለስ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው።

ወደ ሰሜን ዋልታ

በዚያው ዓመት ዘፋኝና የስኪ ወዳጅ የነበረችውን ኤቫ ሳርስን አገባ። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ ያዘው። ከሳይቤሪያ ሰሜን በ1881 በበረዶ ተጨፍልቃ የሰጠመች የአንዲት መርከብ ስብርባሪ ከሦስት ዓመት በኋላ በግሪንላንድ ዳርቻ ተገኝቶ ነበር። ናንሰንም እንዲህ ብሎ አሰበ፤ ስብርባሪው የተጓዘው ከበረዶው ጋር ከሆነ፣ በረዶው ራሱ ይሄዳል ማለት ነው፤ እንግዲያው የማትጨፈለቅ መርከብ ሠርቼ በረዶው ይዞኝ ይሂድ።

ፍራም የተባለችው መርከብ ሆዷ ክብ ሆኖ ተሠራች፤ በረዶው ሲጫናት እንደ ፍሬ ተፈናጥራ ወደ ላይ እንድትወጣ ነው። 13 ሰዎች ይዛ በጁን 1893 ተነሣች፤ በመከርም ሆን ብላ በረዶ ውስጥ ገባች። ሐሳቡ ሠራ፤ መርከቧ አልተሰበረችም። ይሁን እንጂ ጉዞው እጅግ ቀርፋፋ ሆነ፤ ወደ ዋልታውም የሚያደርስ አልሆነም። ስለዚህ ናንሰን በማርች 1895 ከያልማር ዮሃንሰን ጋር ሁለት ሆነው፣ ስኪ አጥልቀው፣ 28 ውሾችና ሦስት ጋሪዎች ይዘው ከመርከቧ ወጡ። በኤፕሪል 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ሰሜን ደረሱ፤ እስከዚያ ቀን ሰው ያን ያህል ወደ ሰሜን ርቆ አያውቅም። ከዚያ በላይ ቢሄዱ ስንቃቸው ለመመለሻ እንደማይበቃ አይተው ዞሩ።

ልብ በሉ፤ በግሪንላንድ መመለሻውን የዘጋው ሰው ይኸው ነው። እዚህ ግን ዋልታውን ሳይረግጥ ተመለሰ። በሁለቱም ጊዜ ያደረገው አንድ ነው፤ ስንቁንና የሰው ጉልበትን ቆጥሮ ወሰነ።

መመለሻው ከ1 ዓመት በላይ ወሰደ። አንድ ቀን ሰዓታቸውን መሙላት ረስተው ስለቆመባቸው የት እንዳሉ በትክክል ማወቅ አቃታቸው። ክረምት ሲመጣ በአንድ ሰው አልባ ደሴት ድንጋይ ካቡ፤ በባሕር እንስሳ ቆዳ ከደኑ፤ በዚያች ጎጆ የድብ ሥጋ እየበሉ፣ ስቡን እያነደዱ 8 ወር ያህል ከረሙ። በበጋው ጉዞ ካያኮቻቸው ዕቃቸውን ሁሉ እንደያዙ ከዳርቻው ተለይተው ሲንሳፈፉ፣ ናንሰን በረዷማው ውሃ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ዋኝቶ መለሳቸው። በጁን 1896 እንግሊዛዊው ተጓዥ ፍሬደሪክ ጃክሰን በአጋጣሚ አገኛቸው። ናንሰን በኦገስት ኖርዌይ ገባ፤ ፍራምም በዚያው ወር ከበረዶው ተላቅቃ ደረሰች። 13ቱም ሰዎች ተርፈው ነበር።

የሰላም ጊዜና የጦርነት ፍርስራሽ

ከዚያ በኋላ ናንሰን በዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የባሕርን ጥናትም አስፋፋ። ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ተለይታ ራሷን ስትችል በድርድሩ ተካፈለ፤ ከ1906 እስከ 1908ም በለንደን የሀገሩ አምባሳደር ነበር። በእነዚህ ዓመታት ግን ሐዘን ደረሰበት። ባለቤቱ ኤቫ በ1907 ሞተች፤ በ1913 ደግሞ ትንሹ ልጁ ሞተ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲያበቃ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ምርኮኞች በሩሲያና በመካከለኛው አውሮፓ ካምፖች ቀርተው ነበር። በሳይቤሪያ ያሉት በብርድና በተስቦ ያልቁ ነበር። ኋላ ኢትዮጵያም በ1923 አባል የሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር በ1920 ናንሰንን ጠርቶ እነዚህን ሰዎች ወደ ሀገራቸው መልስ አለው። ናንሰን ዕድሜው 58 ነበር፤ ወደ ሳይንሱ መመለስ ይፈልግ ነበር፤ ቢሆንም ተቀበለ። መርከብ አፈላለገ፣ ብድር ለመነ፣ እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ መንግሥታትን አነጋገረ። በሁለት ዓመት ገደማ ከ400 ሺህ በላይ ምርኮኞች ቤታቸው ገቡ።

በ1921 በሩሲያ ታላቅ ረሃብ ገባ። ናንሰን በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሞ ገንዘብ ጠየቀ። መንግሥታቱ የሩሲያን አዲስ አገዛዝ ስለሚጠሉ እምቢ አሉ። እርሱም ረሃብተኛው ሕዝብ ወዳለበት ሄዶ አየ፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ ፎቶግራፍ እያሳየ ከተራው ሰው ገንዘብ ሰበሰበ። ከእርዳታው ትልቁ ክፍል የመጣው ከአሜሪካኖች ድርጅት ነው፤ የናንሰን ጥረትም ብዙ ሰው አተረፈ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የደረሰ እርዳታ ግን ለብዙዎች አልጠቀመም።

ወረቀቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የሩሲያ አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከሀገራቸው አስወጥቶ ነበር። በኢስታንቡል፣ በባልካን፣ በፖላንድ፣ በጀርመን፣ እስከ ቻይና ድረስ ተበታትነው ነበር። የመንግሥታት ማኅበር በ1921 ናንሰንን የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር አድርጎ ሾመው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሹመት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ማኅበሩ ለጽሕፈት ቤት ሥራ ጥቂት ገንዘብ ሰጠው እንጂ ለስደተኞቹ ምግብ የሚሆን አልሰጠውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የሶቪየት መንግሥት ከውጭ ያሉትን አብዛኞቹን ዜግነታቸውን ገፈፈ። ሐኪሙ፣ ገበሬው፣ መካኒኩ በአንድ ሌሊት የማንም ሀገር ሰው አይደሉም ተባሉ። የድሮ ፓስፖርታቸውን የሚያድስላቸው የለም። እንግዲህ ወላጆች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ሥራ ያለው ከድንበሩ ማዶ ነው፤ ድንበሩን ለመሻገር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀት የሚሰጠው ሀገር ነው፤ ሀገር ደግሞ የለም። ሰውየው ጤና፣ ጉልበትና ሙያ እያለው ቁጭ ብሎ የሰው እጅ ያያል።

ናንሰን የበረዶ ተጓዥ ነበረና ለጉዞ የሚበቃውን ትንሹን ዕቃ መፈለግ ያውቅ ነበር። በጁላይ 1922 በጄኔቫ መንግሥታትን ሰብስቦ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ስደተኛው የሚኖርበት ሀገር መንግሥት ስሙን፣ ፎቶግራፉንና ማንነቱን የሚገልጽ አንድ ወረቀት ይስጠው፤ ሌሎች መንግሥታትም ወረቀቱን አይተው ቪዛ ይስጡት። ዜግነት ስጡ አላለም፤ ቢል ኖሮ ማንም አይፈርምም ነበር። ቀስ በቀስ ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት። ወረቀቱም የናንሰን ፓስፖርት ተባለ። በ1924 ለአርመን ስደተኞች፣ በኋላም ለሌሎች ተፈቀደ። በጠቅላላው 450 ሺህ ያህል ሰዎች እንደያዙት ይነገራል። ከእነርሱም መካከል ሠዓሊው ማርክ ሻጋልና የሙዚቃው ሰው ኢጎር ስትራቪንስኪ ይገኙበታል። በኋላ አቅም ያለው ስደተኛ የናንሰን ምስል ያለበት ቴምብር ገዝቶ በወረቀቱ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ የቴምብሩ ገንዘብ ለተቸገሩት ስደተኞች ይውላል።

ስለ አርመኖች ካነሣን፣ በዚያው በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ኢየሩሳሌም ላይ አይተዋቸው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። አርባ ልጆች እየተባሉ የሚታወቁት የሙዚቃ ጓዶች እነርሱ ናቸው። ወላጆች ታሪካቸውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም።

ወረቀቱ ጉድለትም ነበረው። የሥራ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። መጀመሪያ ላይ የወጣ ሰው ወደ ሰጠው ሀገር ይመለስ ዘንድ ዋስትና አልነበረውም፤ ይህ በ1926 ስምምነት ተሻሻለ። ደግሞም ስማቸው ከተጠቀሱት ሕዝቦች ውጭ የሆነ ስደተኛ አያገኘውም ነበር። ናንሰንም ሁሉ የተሳካለት አልነበረም። አርመኖችን በየሬቫን አካባቢ ለማስፈር ያወጣው እቅድ መንግሥታት ብድር ስለነፈጉት ተሰናከለ። በ1923 ግሪክና ቱርክ ሕዝብ እንዲለዋወጡ በተደረገው ስምምነት ውስጥም እጁ ነበረበት። ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ክርስቲያኖችና ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሙስሊሞች ሳይጠየቁ ከተወለዱበት ተነቅለዋል፤ ጦርነት አስቀረ የሚሉ አሉ፤ በደል ነው የሚሉም አሉ። እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከእርሱ በኋላ

ናንሰን የ1922ን የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ፤ ገንዘቡንም ለእርዳታ ሥራ ሰጠው። ሜይ 13 ቀን 1930 በቤቱ በረንዳ ላይ ሳለ በ68 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የተቋቋመው የስደተኞች ቢሮ በ1938 እርሱም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የ1951 የስደተኞች ስምምነት ሲጻፍ የናንሰን ወረቀት ሐሳብ ገባበት። በአንቀጽ 28 መሠረት ስምምነቱን የፈረሙ መንግሥታት በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩባቸው ስደተኞች የጉዞ ሰነድ ይሰጣሉ። ያ ስምምነት መጀመሪያ ከ1951 በፊት ለተሰደዱት ብቻ ነበር፤ ገደቡ በ1967 ተነሣ። በ1969 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የራሱን የስደተኞች ስምምነት ፈረመ፤ በዚህም ከጦርነትና ከብጥብጥ የሸሸ ሁሉ ስደተኛ መሆኑ ታወቀ። በአፍሪካ ውስጥ የብዙ ስደተኛ መብት የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከ1954 ጀምሮ ለስደተኞች የደከሙ ሰዎች በናንሰን ስም ይሸለማሉ። በ2023 ይህን ሽልማት ያገኘው አብዱላሂ ሚሬ ነው። ሚሬ በሶማሊያ ተወልዶ በኬንያ በዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያደገና የተማረ ሰው ነው። ወደ ናንሰን ሀገር ወደ ኖርዌይ የመሄድ ዕድል አግኝቶ ነበር፤ ሆኖም ወደ ካምፑ ተመልሶ ለተማሪዎች መጻሕፍት መሰብሰብ ያዘ። እስከ ሽልማቱ ቀን ከ100 ሺህ በላይ መጻሕፍት ለካምፑ አድርሶ ነበር።

ለተማሪዎች የመወያያ ጥያቄዎች

1. ናንሰን ግሪንላንድን ሲያቋርጥ ሰው ከሌለበት ዳርቻ መነሣቱ ምን ጥቅምና ምን አደጋ ነበረው?

2. በበረዶ መሐል ሆነው ውሃ የጠማቸው ለምንድን ነው? ችግሩንስ እንዴት አቃለሉት?

3. ናንሰን በ1922 መንግሥታትን ዜግነት ቢጠይቃቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ትንሽ ጠይቆ ማግኘትና ብዙ ጠይቆ ማጣት የትኛው ይሻላል? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።

4. በ1923 በግሪክና በቱርክ የተደረገው የሕዝብ ልውውጥ ትክክል ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ።

5. ፈቃደኛ የሆኑ ወላጆችን ወይም ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ፦ ከቤት ሲወጡ ይዘውት የወጡት አንድ ዕቃ ምን ነበር? ለምንስ እርሱን መረጡ? መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ አሳዩ።